ያልሞቱት አጎት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እናነባለን፤ ስለዚህ እባክዎ ስሜን አያውጡት።

32 ዓመቴ ነው። ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ካገባሁ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፤ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ሳይት ላይ ፎርማን ነው። የደሴ ልጅ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ደሞዙን ለቤቱ የሚያመጣ፣ ልጁን የሚወድ፣ ማታ ዜና አይቶ የሚተኛ። ይህን የምለው ጥፋተኛው እሱ እንዳይመስልዎት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዛሬ አንድ ቦታ ልውሰድሽ» አለችኝ። ከሥራ ስንወጣ አብረን ሄድን። ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ የአሮጌ ቤት ሳሎን የመሰለ ክፍል። ሰው ቢበዛ ስልሳ ቢሆን ነው። የፕላስቲክ ወንበር። መግቢያው 300 ብር። አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። የሚጫወቱትን ልጆች ስማቸውን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ዘፈን አንድም አልተጫወቱም፤ ሁሉም የራሳቸው ነው።

መሀል ላይ ክራር የምትጫወተው ልጅ ክሯ ተበጠሰባት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሷ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ክሩን በጥርሷ ይዛ እያሰረች «እስከዛ አንድ ሰው የሆነ ነገር ይበለን እስቲ» አለች። ማንም አልተናገረም። እኔ ግን ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። የምለው ነበረኛ! በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ የገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ የጻፍኳት ስምንት መስመር ግጥም ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አልተነሣሁም። ሲያልቅ ጓደኛዬ ነግራት መሰለኝ፣ ልጅቷ መጥታ «ስጪኝ እስቲ» አለችኝ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «በሚቀጥለው ይዘሽው ነይ፤ በክራር አጅብሻለሁ» አለችኝ።

ቤት ስደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ባለቤቴ ልጃችንን አብልቶ አስተኝቶ ሳሎን ተቀምጧል። «የት ቆየሽ?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው «የጓደኛዬ አጎት ዐርፈው ለቅሶ ቤት ነበርኩ» የሚል ነው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰውየው አዳማ በሰላም የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤቴ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተነሣና ራት አሞቀልኝ።

በማግስቱ 500 ብር አውጥቶ «ያው ለቡናም ለምንም ትሁን፤ አድርሺልኝ» አለኝ። የእሱ አባት ሲያርፉ ይህችው ጓደኛዬ ደሴ ድረስ መጥታለት ነበር። ብሩ እስካሁን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰኞ ደግሞ «በዚህ እሁድ እረፍት ነኝ፤ ሄደን እናጽናናት። እስከዛሬ መቅረቴም ነውር ነው» አለኝ።

ለጓደኛዬ ስነግራት መጀመሪያ ሣቀች። ኋላ ግን «አጎቴን በቁማቸው ገደልሽልኝ፣ አንቺ ሟርተኛ!» አለችኝ። እሷ «እኔው ደውዬለት አትልፋ፣ ተጽናንቻለሁ እለዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ። ደሞስ ለማምሸት የምታስፈቅጂው አባትሽ ነው?» ነው የምትለው።

እኔ ግን መናገሩን ፈራሁ፣ መዋሸቱም ታከተኝ። ባለቤቴ ማታ ሙዚቃ ያለበትን ቦታ ሁሉ «ዳንስ ቤት» ነው የሚለው። ዘፈን ጠልቶ አይደለም፤ ጢሙን ሲላጭ ራሱ አምባሰል ያንጎራጉራል። ግጥም መጻፍ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በተጋባን ዓመት ደብተሬን አግኝቶ «ምነው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ሥቆብኝ ነበር፤ ቀልዱን ነው። ቀጣዩ ዝግጅት የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው። ልንገረው? ልሂድ? ይዤውስ ልሂድ?

ለቅሶ ሳልሄድ ለቅሶ የደረስኩት፣ ከአዲስ አበባ

* * *

እህቴ፣ በቅድሚያ ለአጎትየው ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። እናቴ ሞተ ተብሎ በሐሰት የተወራበት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ትል ነበር። ጓደኛሽን በዚህ አጽናኛት።

ደብዳቤሽን እየሣቅኩ ነው የጀመርኩት። 500 ብሩ ጋ ስደርስ ሣቄ ቆመ። አንድ ፎርማን ለማያውቃቸው ሰው ለቅሶ ከኪሱ 500 ብር ሲያወጣ ታየኝ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ወጥ ሊያሞቅ ሲነሣም ታየኝ። ለአንቺም ሳይታይሽ አልቀረም፤ ብሩን ያልነካሽው ለዚህ ይመስለኛል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መቼም አንድ ቀን ለታክሲ ወይ ለዳቦ ዝርዝር ጎድሎሽ ይሆናል። ያቺን ግን ኪሷ ውስጥ ተውሻት።

እስቲ ከውሸቱ እንጀምር። ልቆጣሽ አይደለም። ግን ለምን ለቅሶ? «ሥራ በዛብኝ፣ ሒሳቡ አልዘጋ አለኝ» ማለት ትችይ ነበር፤ የባንክ ሰው ሲያመሽ የሚለው ይህንኑ ነው። አንቺ ለቅሶን መረጥሽ። እኔ ሲመስለኝ፣ እኛ አገር ያገባች ሴት አምስት ሰዓት ላይ ገብታ ማንም የማይጠይቃት ከለቅሶ ቤት መጣሁ ስትል ብቻ ስለሆነ ነው። ሐዘን ከሆነ ማምሸት ያስመሰግናል። «ደስ ብሎኝ አመሸሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን አፋችን ላይ አልተለመደም። ስለዚህ ደስታሽን ነጠላ አዘቅዝቀሽ አለበስሽው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር አለች፤ በመጨረሻው አንቀጽ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መሀል ሸጉጠሽ ያለፍሻት። «ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሆንሽ እንዴ?» የምትለዋ። ወዲያው ተከትለሽ «ቀልዱን ነው» ብለሽ ተከላከልሽለት። ከተጋባችሁ ሰባት ዓመት ሆኗችኋል። የሰባት ዓመት ቀልድ ቃል በቃል አይታወስም፣ ካልወጋ በስተቀር። መጻፍ ያቆምሽውም መቼ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ከዚያች ቀን በኋላ ይሆን?

እንዲህ ብዬ ልጠይቅሽ፦ ያን ማታ በር ላይ «የት ቆየሽ?» ሲልሽ የፈራሽው ቁጣውን ነው ወይስ ሣቁን? እውነት ከነገርሽው ደብዳቤሽ እንደሚለው «ዳንስ ቤት ሄድሽ?» ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ለዚያ መልስ ነበረሽ፤ ሴት ጓደኛሽ ጋ ነበርሽ፣ አልጠጣሽም፣ ደህና ገብተሻል። ግን «ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ቢልሽ ስምንቷ መስመር ትወጣለች። እሷ ከወጣች ደግሞ ሊሥቅ ይችላል። እኔ ስረዳው ያን ማታ የደበቅሽው ምሽቱን አይደለም፤ ያቺን ወረቀት ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

ስለ ሣቅ ትንሽ አውቃለሁ፤ ከሣቂዎቹ ወገን ስለሆንኩ ነው። ባለቤቴ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ዋሽንት ልማር ብሎ ተነሣ። ከመርካቶ አንድ ገዛ። ሳምንት ሙሉ ሲነፋ የሚወጣው ድምፅ የሻይ ጀበና ይመስላል። እኔም «ኧረ ጎረቤት ሳይቀየመን!» አልኩት። ልጆቹም ሣቁ፤ እሱም ሣቀ። በነጋታው ዋሽንቱ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። አሁንም እዚያው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከልብ ነው የምልሽ፣ ያን ቀን ምንም የጎዳሁ አልመሰለኝም ነበር። ነገሩ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ «ለምን ተውከው?» ብዬ ስጠይቀው «ጎረቤት እንዳይቀየመን» አለኝ። ቃሌን ሳያጎድል መለሰልኝ። ያንቺም ሰው ደብተርሽን ያገኘበትን ቀን ጨርሶ ረስቶት ይሆናል።

ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች እንለያያቸው። ያን ሐሙስ የት እንደነበርሽ ማወቅ ይገባዋል፤ ብር ሰጥቶበታል፣ ጸልዮበታል፣ የእረፍት ቀኑን ሊሰጥበት ነው። ግጥምሽ ግን ያንቺ ነው። እስክትፈልጊ ድረስ ለማንም የማሳየት ዕዳ የለብሽም። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥረሽ ስለያዝሻቸው ነው የከበደሽ። አንዱን ለመናገር ሌላውን መግለጥ ያለብሽ መስሎሻል።

የጓደኛሽ ምክር አያዋጣም። ብትደውልለት እሷም ትዋሻለች። ከዚያ ሲገናኙ ፊቷን ታጠቁራለች። ከዚያ ስለ አርባ ይጠይቃል፤ ደሴ ያደገ ሰው አርባ አይረሳም። ከዚያ ሙት ዓመት። አንድ ያልሞቱ ሰው ዓመት ሙሉ ስትቀብሩ ትኖራላችሁ። በዚያ ላይ አንድ ቀን አጎትየው ከአዳማ ሊጠይቋት ባንኩ ድረስ ቢመጡስ?

ከእሁድ በፊት ንገሪው። ቅዳሜ ማታ ይሻላል፤ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። ያ 500 ብር እጅሽ ላይ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ከእሱ ጀምሪ። «ይህን ብር አላደረስኩትም፤ የሞተ ሰው የለም። ያን ማታ ከእሷ ጋር ሙዚቃ ልንሰማ ሄደን ነበር። ዋሸሁህ፤ ይቅርታ» በይው። ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። «ከእሷ ጋር» የምትለዋን ቃል አትርሻት፤ መጀመሪያ ላይ ትምጣ። ሚስቱ አምስት ሰዓት ገብታ እንደዋሸችው የሚሰማ ባል ቀድሞ የሚመጣበት ነገር ሙዚቃ አይደለም። ያችን ሐሳብ አንድ ደቂቃ እንኳ አታቆይበት።

«አንተ ስለማትወድ ነው»፣ «ዳንስ ቤት ስለምትል ነው» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆይው። እውነት ቢሆንም ይቅርታው ላይ ሲጨመር ክስ ይሆናል። ጓደኛሽንም አስቀድመሽ ንገሪያት። የዚህ ቲያትር ግማሽ ተዋናይ እሷ ናት፤ ሳታውቅ እንዳትደውል።

ምን ይላል? ከጻፍሽው ተነሥቼ ልገምት። ወይ ይሥቃል፣ ወይ ዝም ይላል። «ነፍስ ይማር ያልኩት በቁማቸው ነው?» ብሎ ቢሥቅ አብረሽው ሣቂ፤ ይህኛው ሣቅ አይወጋም። ዝም ካለ ግን ተይው። ሁለት ቀን ሦስት ቀን ቢያኮርፍ ይገባዋል። በየሰዓቱ «ይቅር አልከኝ?» እያልሽ አታድርቂው። ራቱን አቅርቢለት፣ የምትሠሪውን ሥሪ፣ ጊዜ ስጪው። ደብዳቤሽ ውስጥ እጁን የምትፈሪ ሴት አላየሁም። እኔ ሳላየው ቀርቼ፣ ያላልሽው ነገር ካለ ግን ይህን ሁሉ ምክር ተይና ብቻሽን ከመናገርሽ በፊት ከቤተሰብሽ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ለእኔም መልሰሽ ጻፊልኝ።

ኩርፊያው ሲረግብ «ዳንስ ቤት» የሚለው ነገር መምጣቱ አይቀርም። ይህን ቃል አልንቀውም። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ በደርግ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙዚቃ ቤት ገብቶ ሳለ ሰዓቱ አለፈበት። ያኔ የገባ ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ወንድሜ ጠዋት እየሣቀ መጣ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ አድራለች፤ ፊቷ ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም። እንዲህ ያሉ እናቶች ያሳደጉት ሰው ማታንና ሙዚቃን አንድ ላይ ሲሰማ ሆዱ ቢፈራ አይገርመኝም። ባልሽም ይህን ከቤቱ ወርሶት ይሆናል። እስቲ ጠይቂው! «ዳንስ ቤት ስትል ምን እየታየህ ነው?» በይው። መልሱ ያስገርምሽ ይሆናል።

አንቺ የሄድሽበት ቦታ ግን ናይት ክለብም አይደል፣ ትልቅ ኮንሰርትም አይደል። እንዲህ ዓይነቱን ቤት እኔ ያወቅኩት ካዛንቺስ ፈንድቃ ነው፤ የአዝማሪ ቤቱን መላኩ በላይ የባህል ማዕከል ያደረገው ጊዜ። ሰው በርጩማ ላይ ተጠጋግቶ ይሰማል፤ የተጫዋቹን ላብ ታዪዋለሽ። ሰፈሩ ሲነሣ ያ ቤትም ተነሣ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዛምባ የሚባል የሙዚቃ ቤት ነበረ፤ በጥር 2007 ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። እነዚህ ትናንሽ ቤቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው። «ልጄ ትደግ፣ ሥራ ይቅለለኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ካልሽ ስትደርሺ ቦታው ላይ ሕንፃ ቆሞ ልታገኚው ትችያለሽ።

«ስማቸውን የማላውቃቸው ልጆች» ብለሻል። ባልሽም «ማንም ለማያውቀው ዘፈን 300 ብር?» ይል ይሆናል። ለዚህ አንድ ወሬ ላቀብልሽ። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን አልፎ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ሠርግ ላይ ሁሉም አብሮ የሚዘፍናቸውን የነዓለማየሁ እሸቴንና የነማህሙድ አህመድን ሥራዎች ያሳተመ ሰው ነው። እነሱም በጊዜው ወጣቶች ነበሩ። ባልሽ ከነሱ አንዱን ሲሰማ አንገቱን የሚነቀንቅ ከሆነ ከዚያ ጀምሪለት።

ከሁሉም ግን ያስገረመኝ አምባሰሉ ነው! ጢሙን ሲላጭ አምባሰል የሚያንጎራጉር የደሴ ልጅ አግብተሽ ሙዚቃን በለቅሶ ትደብቂበታለሽ? አምባሰል እኮ የአገሩ ተራራ ስም ነው። ባቲም እዚያው አጠገቡ ያለች ከተማ ናት። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የሰፈሩን ስም የያዙ ናቸው። ያ ሰው ሙዚቃ የሚያውቀው በስፒከር ሳይሆን በጆሮው፣ መስተዋት ፊት ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ምላጩን ይዞ ሳለ፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብለሽ ጠይቂው። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እኔ ባለቤቴን ዋሽንት ለምን እንደፈለገ ሳልጠይቀው ነው የሣቅኩበት።

«ይዤው ልሂድ?» ላልሽው እኔ ለዚህኛው አትያዢው ባይ ነኝ። እሱ ራሱ «ልምጣ?» ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ደስ ካለሽ እሺ በይው፣ ካልሆነም «የሚቀጥለውን አብረን» በይው። ግን እንደ ማስታረቂያ ብለሽ፣ ዳንስ ቤት አለመሆኑን ላሳየው ብለሽ አትጎትቺው። የመጀመሪያ ቀን የሚያነብ ሰው ዓይኑ አንድ ፊት ላይ ብቻ ይተከላል። ያ ፊት ሰባት ዓመት የፈራሽው ፊት ከሆነ ስምንቷን መስመር ሳትጨርሺ አራተኛዋ ላይ ትቆሚያለሽ። መጀመሪያ ለማያውቁሽ ሰዎች አንብቢ። ለሱ ከዚያ በኋላ፣ ቤት ውስጥ፣ በራስሽ ሰዓት ታነቢለታለሽ። ያኔም «ደብተሬን ያገኘህ ቀን ሥቀህብኝ ነበር፤ አሁን አትሣቅብኝ» ማለት ትችያለሽ። ይህ ልመና አይደለም።

ስለ መሄዱ ግን ግልጽ አድርጊለት። ፈቃድ እንደምትጠይቅ ልጅ ሳይሆን ቤት እንደሚጋራ ሰው። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ አመሻለሁ፤ ቦታው እዚህ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፤ በራይድ ከእሷ ጋር እመጣለሁ፤ ስወጣ እደውላለሁ።» ያለው ሁሉ ይህ ነው። ልጅቷን ያን ማታ እሱ ነው የሚያስተኛት። ባለፈውም አስተኝቷታል፤ ሳታመሰግኚው ያለፍሽ መሰለኝ፣ ለቅሶው ሸፍኖት። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ኳስ የሚያይበት አንድ ማታ ይኑረው። በየወሩ ለአንቺ አንድ፣ ለእሱ አንድ።

ጓደኛሽ «ለማምሸት ታስፈቅጃለሽ ወይ?» ስትል አንድ እውነት አላት። ግን ማስፈቀድና ማሳወቅ ይለያያሉ። እሱም ሳይት ላይ ሲያመሽ ይደውልልሻል አይደል?

አሁን ወደ ስምንቷ መስመር፤ ይህን ጉዳይ ስለወደድኩት ትንሽ ልቆይበት። ክራሯን የምትጫወተው ልጅ የጋበዘችሽ ነገር አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት ሄደሽ ከሆነ «ተቀበል!» ሲባል ሰምተሻል። አድማጩ ከመቀመጫው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ የሰውየው፣ ዜማው የማሲንቆው። እዚያ ቤት የተቀመጠ ነጋዴም ሹፌርም ገጣሚ ነው፤ ማንም «ጸጋዬ ሆንክ እንዴ?» አይለውም። ካሸርም እንደዚያው።

ግን ተዘጋጂበት። ከሐሙስ በፊት ከልጅቷ ጋር አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ተገናኙ። ክራር ቅኝቱ ሲቀየር እንደገና ይቃኛል፤ መድረክ ላይ «በምን ላጅብሽ?» ተባብላችሁ ክር ማጥበቅ ከጀመራችሁ ልብሽ ይወልቃል። በትዝታ ይሁን፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይስ በአንቺ ሆዬ፣ አስቀድማችሁ ሞክሩት። አንዳንድ ግጥም በትዝታ ሲባል ያለቅሳል፣ በሌላው ሲባል ይቆጣል። ጮክ ብለሽ አንብቢላትና የት ትንፋሽ እንደምትወስጂ ትይልሽ። ቤት መምቻው ላይ አትሩጪ። ሰው ሲጨነቅ የሚሮጠው እዚያ ነው።

ያቺን ወረቀት ደግሞ እባክሽ ዛሬውኑ ወደ ደብተር ገልብጫት። ቦርሳ ውስጥ ስትታሽ የገቢ ወረቀት ይደበዝዛል፤ ከኋላው የሰው ሒሳብ ቁጥር ካለበትማ ጭራሽ አለቃሽ እንዳያገኘው። ደብተሩንም አዲስ ግዢ። የድሮው የት እንዳለ ታውቂያለሽ?

ያልመለስኩልሽ ነገር ቢኖር የእሁዱ ጉዳይ ነው። ባልሽ የእረፍት ቀኑን ለለቅሶ አስይዞታል፣ 500 ብሩም ተመልሶለታል። ኩርፊያው የፈቀደላችሁ እንደሆነ ጓደኛሽን ቡና ጋብዟት፤ ደሴ ድረስ ለመጣችበት ምስጋና ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ቡናው ሲፈላም አዳማ ደውሉና ለአጎትየው ጤናቸውን ጠይቋቸው። ለምን እንደደወላችሁ ግን አትንገሯቸው።